የማያንጠባጥብ ቀዳዳ

ጋሽ ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ካቻቢቴውን ሞተር ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ሲያስደግፍ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እስትንፋሱን ይውጣል፣ የሰው ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም ይሆናል። ሠላሳ ዓመት በዚህ ጆሮው ኖረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ጋሽ ጆሮ ካለ አለቀ" ተባለለት። ሰው ይህን ያህል ዘመን እንዲህ ሲባልለት ከኖረ አንድ የሚበላሽበት ነገር አይጠፋም፤ የሚበላሸውም ያው የተመሰገነበት ነው።

ከሦስት ወር ወዲህ የልጁ ባል አንድ ነገር ብቻ ይደጋግምበታል። ሠርጉ ካለፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ጋሽ ጆሮ ግን ዛሬም "ሙሽራው" ነው የሚለው፤ ሥራ የማይነካ፣ ተቀምጦ የሚያጎርሱት ለማለት።

"ጋሼ፣ እሜቴ የድንጋይ ካባው ውስጥ ስትቆም አትነሳም።"

እሜቴ አሮጊቷ የጭነት መኪና ናት። ጋሽ ጆሮ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷትና ጠግኗት፣ ልጁ ስታገባ "ከዚህ ሌላ የለኝም" ብሎ ቁልፏን በእጃቸው አስቀመጠላቸው። የቤቱ ጉሮሮ የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነው። አሸዋ ታመጣለች፣ ድንጋይ ትወስዳለች፤ እሷ ከቆመች ሦስት ልጆች ያሉበት ቤት ይቆማል።

ሙሽራው ሦስት ጊዜ ጋራዥ አመጣት። ሦስቱንም ጊዜ ጋሽ ጆሮ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለው የጋራዡ ሲሚንቶ ላይ አሳደራት፣ ጠዋት ቁልፉን አዞረ፣ እሜቴም በግማሽ ዙር ተነሳች። ባትሪው ደህና፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ደህና፣ ከሥሯ አንዲት ጠብታ የለም። በሦስተኛው ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ፣ "መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ የታመመው ሹፌሩ ነው። ካባውን ፈርተህ ሰበብ ትፈልጋለህ፣ ሙሽራው!" አለ። ሰዉ ሳቀ። ሙሽራው ከንፈሩን ነክሶ ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ።

ስድብ ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው። ተሳዳቢው ሄዶ እንዲያይ ማንም አያስገድደውም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ልጁ ደወለች።

"አባዬ፣ እሜቴ ገደሉ ሥር ቀረች። አሁኑኑ ና።"

"አላልኩሽም? ያ ባልሽ . . ."

"ባሌን ኋላ ትሰድበዋለህ። ና!"

*

ጋሽ ጆሮ የመሣሪያ ከረጢቱን ታቅፎ በሞተር ብስክሌት ጀርባ ላይ መጣ። ካባው በር ላይ ልጁ ቆማለች። ሠራተኛው ሁሉ "ፊሽካ" ነው የሚላት፤ አንገቷ ላይ ከምታንጠለጥለው ፊሽካ የተነሳ። የፍንዳታው ኃላፊ እሷ ናት፤ ያለ እሷ ፊሽካ አንድ ጠጠር ከቦታው አይነቃነቅም። ሰላም ሳትለው የብረት ቆብ ራሱ ላይ ደፋችበት።

"ሠላሳ ሁለት ጉድጓድ ፈንጂ ተሞልቷል" አለችው እየተራመደች። "አፋቸውን የደፈንነው እሜቴ ባመጣችው አሸዋ ነው። ፈንጂ ሲሞላ ሞተር ሁሉ ይጠፋል፤ ደንብ ነው። ባሌም አጠፋት። ሁለት ሰዓት ቆመች። አሁን እንቢ ብላለች።"

"በሎደር አስጎትቻታ!"

"ሎደሩ ትናንት ወደ ሌላ ካባ ሄዷል።"

"ወደ ኋላ ትንከባለልና በማርሽ ትነሳ።"

"ከኋላዋ ፈንጂው ነው፣ አባዬ። አምስት እርምጃ ብታፈገፍግ ሽቦው ላይ ትወጣለች።"

"እንግዲያው ነገ አፈንጂዋ! ድንጋይ ነው፣ አይሸሽም!"

ፊሽካ በጣቷ ወደ ሰማይ አመለከተች። ከተራሮቹ ማዶ ሰማዩ እንደ ተነጠፈ እርሳስ ጠቁሯል። ድንገት ብልጭ አለ። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች መቁጠር ጀመረች። ረጅም ጊዜ ቆጠረች። ከዚያ ከሩቅ፣ በርሜል በድንጋይ ላይ እንደሚንከባለል ዓይነት ጉርምርምታ መጣ።

"ሃምሳ ስምንት" አለች። "መብረቅ ለፈንጂ ክብሪት ነው። የተሞላ ጉድጓድ በመብረቅ ሥር አላሳድርም፤ እዚህ ታች መንደር አለ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መብረቁ ቀርቧል ማለት ነው፤ ሠላሳ ሲገባ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ እኔም አፈነዳለሁ። እሜቴ ብትኖርም ባትኖርም።"

"የልጆችሽን ጉሮሮ በገዛ እጅሽ?"

"ሠላሳ ሲገባ፣ አባዬ።"

ጋሽ ጆሮ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አደረገ። ድምፁን አወቀው፤ የገዛ ራሱ ድምፅ ነበር።

*

እሜቴ የቆመችው ከካባው በሚያወጣው ጠባብ ዳገት መነሻ ላይ ነው። አፍንጫዋ ወደ ላይ ወደ መውጫው፣ ጭራዋ ወደ ገደሉ። ከጭራዋ ወዲያ ቀይና ቢጫ ሽቦ መሬት ለመሬት ተዘርግቷል፤ ከሽቦው በላይ ሦስት ፎቅ የሚያህል ድንጋይ አዘንብሎ ያያል። ሙሽራው የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ቆሟል።

"መጡ፣ ጋሼ?"

"የለም፣ መንፈሴ ነው የመጣው። ምን አደረግካት?"

"አቆምኳት።"

"ለማስነሳት ቤንዚን በጨርቅ አስሸትተሃታል አይደል? እውነቱን ተናገር። እሱ ነው ሞተር የሚገድለው።"

"እዚህ? ሠላሳ ሁለት ጉድጓድ ፈንጂ አጠገብ? ፈሪ ነው አላሉኝም እንዴ?"

ጋሽ ጆሮ ወደ ባትሪው ዞረ። "ባትሪው ስንት ምት ቀርቶታል?"

"ሦስት። ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።"

"አንዱን ስጠኝ። አሥር እስክቆጥር አዙር፣ በቃ ስል ልቀቅ።"

ሙሽራው ወጥቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ነከሰ፣ ሞተሩ ዞረ። ጋሽ ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። አዟዟሩ ጥሩ ነው፤ አልከበደውም፣ አልተንገራገጨም። ግን ባዶ ነው፤ እህል እንዳለቀበት ወፍጮ ይዞራል እንጂ አይፈጭም። ዓይኑን ከፍቶ ወደ ጭስ ማውጫው አየ። ምንም የለም። ነጭም፣ ግራጫም፣ አንዲት ክር ጭስ እንኳ የለም።

"በቃ!"

ይህን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ ስለምትነሳለት፣ የማትነሳበትን ድምፅ ከየት ይስማው? ናፍጣ ገብቶ አልቀጣጠል ያለ ቢሆን ነጭ ጭስ በሰጠች ነበር። ጭስ ከሌለ ናፍጣው ሞተሩ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው። ባትሪ አይደለም። ሞተሪኖ አይደለም። ሹፌርም . . . ይህኛውን ዋጠው።

"ሃምሳ!" የሚል ጩኸት ከላይ መጣ። ፊሽካ የዳገቱ አናት ላይ ቆማ ነው የምትቆጥረው፤ ድንጋዩ ድምፅዋን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ደገመው።

ጋሽ ጆሮ የናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ብሎን በቁልፍ አላላት። ናፍጣ መውጣት ሲገባው ፍሽሽ የሚል ትንፋሽ ወጣ።

"አየር ጠጥታለች። ፓምፓት!"

ሙሽራው ናፍጣውን ከታንክ ስባ ወደ ላይ የምታቀብለውን ትንሽ ፓምፕ የእጅ መግፊያ በአውራ ጣቱ መግፋት ጀመረ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። በብሎኗ ዙሪያ አረፋ ወጣ፣ ልክ ሳሙና እንደነካው ውኃ። አርባ፣ ሃምሳ። አረፋው ቀነሰ፣ ናፍጣው ጠራ። ጋሽ ጆሮ ብሎኗን አጠበቀ።

"አስነሳ!"

እሜቴ ተንቀጠቀጠች፣ አሳለች፣ ጥቁር ጭስ ወደ ገደሉ ተፋች፣ ተነሳች! ሙሽራው ካቢናው ውስጥ እንደ ልጅ ጮኸ። ጋሽ ጆሮ ከረጢቱን አንሥቶ ለመሳፈር አንድ እግሩን ደረጃው ላይ እንዳኖረ፣ የሞተሩ ድምፅ ቀጠነ፣ ተንጠራራ፣ ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጸጥታ ከነጎድጓዱ ይልቅ አስፈሪ ነበር።

"ይኸው!" ሙሽራው በሩን በጡጫ መታ። "ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ያልኩት! ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ እንጂ ተናግሬያለሁ!"

"ዝም በል፣ ላስብበት!"

"አርባ ሦስት!" አለች ፊሽካ ከላይ።

*

ጋሽ ጆሮ የብሎን ቁልፉን መከላከያው ላይ አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገ። ቁልፉ ተንሸራተተ። መሬት ላይ ወደቀ፣ ተንከባለለ፣ በእሜቴ ሆድ ሥር አልፎ፣ በነዳጅ ታንኩ አጠገብ አልፎ፣ ወደ ሽቦው ሄደ። ሙሽራው በደረቱ ተወርውሮ ከሽቦው አንድ ስንዝር ላይ ያዘው።

ጋሽ ጆሮ ግን ዓይኑ ቁልፉ ላይ አልነበረም። ቁልፉ የሄደበትን መንገድ ነበር የሚያየው። ከሞተር ወደ ታንክ። ቁልቁል።

"ስማ" አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታቆማት? አፍንጫዋን ወደ ዳገት?"

ሙሽራው አቧራውን ሳያራግፍ ቀና አለ። "ደንብ ነው እኮ፣ ጋሼ። ካባ ውስጥ የሚቆም መኪና ሁሉ አፍንጫው ወደ መውጫ። ክፉ ቀን ቢመጣ ሳትዞር እንድትወጣ። የልጅዎ ደንብ ነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬዎታለሁ! 'ዳገት ላይ' ስልዎ፣ 'ዳገት የሰነፍ ሰበብ ነው' አሉኝ። ሰው እየሰማ ነው ያሉት።"

ብሏል። አሁን ትዝ አለው። ጋሽ ጆሮ ተብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይቻላል ለካ።

መሬት ላይ ተንጋሎ በእሜቴ ሥር ገባ። የናፍጣውን መስመር ከታንኩ ጀምሮ በጣቱ ተከተለ። ደረቅ። የላስቲኩ ቱቦ ደረቅ፣ መገጣጠሚያው ደረቅ። ሠላሳ ዓመት ለደቀ መዝሙሮቹ የሰበከው ይህንኑ ነው፤ "ያልራሰ አልተቀደደም።" ቆንጆ አባባል ናት፤ ሰው ይወዳታል። ግን ናፍጣ በግፊት በሚሄድበት በኩል ብቻ ነው እውነት የምትሆነው። ናፍጣ በሚሳብበት በኩል ያለ ቀዳዳ አያንጠባጥብም። ይጠጣል። አየር ይጠጣና ናፍጣውን ለታንኩ ይመልሳል። ጋራዡ ሲሚንቶ ላይ ናፍጣው የሚመለስበት ቁልቁለት የለም፤ እዚህ ግን ሁለት ሰዓት ቆማ ያላትን ናፍጣ ሁሉ ወደ ጭራዋ አፍስሳለች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ጣቱ ትንሿ ፓምፕ መግቢያ ላይ ደረሰና ቆመ።

እዚያ ቱቦው የሚታሰርበት ብሎን አለ። በብሎኑ ሥር ሮንዴላ አለች፤ ቀጭን የመዳብ ቀለበት፣ አየር እንዳያልፍ የምትደፍን። ያስገባት እሱ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት። ጋሽ ጆሮ አሮጌ የመዳብ ሮንዴላ አይጥልም። በሽቦ ሰክቶ ግድግዳ ላይ ያንጠለጥላቸዋል፤ ሲፈልግ አንዷን መዝዞ በእሳት ያግላታል፣ ውኃ ውስጥ ይነክራታል፣ መዳቡ ይለሰልስና እንደ አዲስ ትገጥማለች። ሥራው ትክክል ነው፤ ካጋሏት። ያን ቀን አላጋላትም። ያን ቀን እጁ ብሎኑን ሲያስር አፉ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ለሁለት ደንበኞች የልጁ ባል እንዴት ሰነፍ እንደሆነ እያወራላቸው ነበር። ደንቆሮዋን ሮንዴላ እንዳለች፣ ጠንካራ እንደሆነች፣ እየሳቀ አጠበቃት።

መሬት ላይ እንደተንጋለለ የሞተሩን ሆድ አየ። ፊቱ ጋለ።

"ምን አገኙ?" አለ ሙሽራው አጎንብሶ።

"ቀዳዳ።"

"የት?"

"እኔ ባለሁበት" አለ። ጣቱን ብሎኑ ላይ አደረገ። "የትንሿ ፓምፕ ሮንዴላ። ለመለወጥ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ብሎኑ ከሻንሲው ጀርባ ነው።"

ሰማዩ ብልጭ አለ። ሁለቱም ሳይነጋገሩ አብረው ቆጠሩ። ነጎድጓዱ አሁን በርሜል አይመስልም፤ በር እንደሚሰበር ሆነ።

"ሠላሳ ስምንት! አባዬ፣ ውጡ!"

"ሃያ ደቂቃ የለንም" አለ ሙሽራው። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ፣ "ጋሼ . . . ከላይ ብናጠጣትስ? ጀሪካን ናፍጣ አለኝ። ቱቦም አለኝ። ጀሪካኑን ከካቢናው በላይ ይዘን፣ ቱቦውን ወደ ትንሿ ፓምፕ ብንሰጣት፣ ራሱ ይወርድላታል። መሳብ አያስፈልጋትም።"

የጋሽ ጆሮ ምላስ ከልማዱ ተነሣ፤ "እንደ ሕፃን በጡጦ?" ሊል ነበር፣ ግማሹን ብሎትም ነበር። ዋጠውና፣ "አምጣ!" አለ። "ቶሎ!"

*

ከታንክ የሚመጣውን ላስቲክ በቢላ ቆረጠው። የራሱን ሥራ ነበር የሚቆርጠው፤ ለማዘን ጊዜ አልነበረውም። የሙሽራውን ቱቦ አስገብቶ በሽቦ ጠመጠመና በፒንሳ አጠበቀ። ሙሽራው የቱቦውን ሌላ ጫፍ ጀሪካኑ ውስጥ ነክሮ፣ በአፉ ስቦ፣ የናፍጣ ምራቁን ተፋ፣ ጀሪካኑን ካቢናው ጣሪያ ላይ ከፍ አደረገው። ናፍጣው በቱቦው ውስጥ እየተጥመዘመዘ ወረደ።

"ሠላሳ አራት!"

ጋሽ ጆሮ እንደገና ፊልትሮውን አላልቶ አየሩን አስወጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ትንሿን ፓምፕ አየ። ናፍጣው አሁን በመሳብ ሳይሆን በክብደቱ ስለሚመጣ፣ ከብሎኑ ሥር፣ ከዚያች ደንቆሮ ሮንዴላ ጠርዝ፣ አንዲት ጠብታ አበጠች። ወደቀች። ሌላዋ ተከተለች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ሦስት ወር የደበቀችውን በሁለት ሴኮንድ ተናዘዘች።

"ይያዙት!" ጮኸ ሙሽራው ከላይ። "ጀሪካኑ ካልተያዘ ይወድቃል፤ እኔ ልንዳ!"

"አንተ ንዳ። እኔ እይዘዋለሁ።"

"ጋሼ፣ ዕድሜዎ . . ."

"ዕድሜዬን ተወውና ንዳ!"

ስድሳ ሦስት ዓመት የተሸከመ ገላውን ይዞ በሹፌሩ ተቃራኒ በኩል ደረጃው ላይ ወጣ፣ በአንድ እጁ የመስተዋቱን ብረት ጨበጠ፣ በሌላው ጀሪካኑን ትከሻው ላይ አቀፈ። ናፍጣው አንገቱ ላይ እየፈሰሰ በሸሚዙ ውስጥ ወረደ።

ብልጭታው የገደሉን ፊት አነጣው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት . . . ፊሽካ ከላይ ስትቆጥር አፏ ይታያል፤ ፊሽካዋን አስቀድማ ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ . . . ነጎድጓዱ መጣ።

"ሠላሳ አንድ!" ድምፅዋ ተሰነጠቀ። "በቃ፣ ውጡ! በእግራችሁ ውጡ!"

"የመጨረሻዋ ናት፣ ጋሼ" አለ ሙሽራው።

"አዙር!"

ሞተሪኖው ነከሰ፤ ዘገየ፤ ባትሪው ጠጥቶ እንደገባ ሰው ተጎተተ። አንድ ዙር። አንድ ተኩል። ጋሽ ጆሮ ጆሮውን በካቢናው ብረት ላይ አጣብቆ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምርመራ ሳይሆን ለልመና ያዳምጥ ነበር። ሁለት ዙር። ከታች አንድ ሲሊንደር ተኮሰ። ብቻውን። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም፣ እሜቴም ገደሉን በጭስ አልብሳ አገሣች።

ሙሽራው ነዳጁን አልረገጠባትም። ቀስ አድርጎ፣ በመጀመሪያ ማርሽ፣ እንቁላል እንደ ጫነ ሰው ነው ያወጣት። ጋሽ ጆሮ እንዲህ ሲነዳ አይቶት አያውቅም፤ ተሳፍሮ ስለማያውቅ ነው። ጎማው ጠጠር በፈነቀለ ቁጥር ናፍጣው ፊቱ ላይ ይረጫል፤ ዓይኑ እያቃጠለው፣ ትከሻው እየራደ፣ ጀሪካኑን አልለቀቀም። የዳገቱ አናት ላይ በፊሽካ አጠገብ ሲያልፉ አባቷን አላየችም፤ የኋላ ጎማውን ነበር የምታየው፣ መስመሩን እስኪያልፍ። ካለፈና ሁሉም ርቆ ከተከለለ በኋላ ፊሽካዋን ሦስት ጊዜ ነፍታ አፈነዳች።

መሬቱ በእግራቸው ሥር ተነሣና ተቀመጠ። አቧራው ሲገለጥ እሜቴ የቆመችበት ቦታ አልነበረም፤ ቤት የሚያካክል ድንጋይ ተኝቶበታል።

*

ዝናቡ ጀመረ። ፊሽካ በላስቲክ የተሸፈነ መዝገብ ይዛ መጣች። ባሏን ደረቱ ላይ አንድ ጊዜ በመዳፏ ነካችው፤ ከዚያ እስኪርቢቶዋን አወጣች።

"ፍንዳታው ለምን ዘገየ ይላል ቅጹ። ምን ልጻፍ?"

"ባትሪ በይ" አለ ሙሽራው ቶሎ ብሎ፣ ወደ አማቱ ሳያይ። "ባትሪ ደከመ በይ።"

ጋሽ ጆሮ ደሙ ፈላ። "ባትሪው ምን አደረገሽ? ሐሰት እንዳትጽፊ! 'መካኒኩ ሮንዴላውን ሳያግል አሰረ፤ ሹፌሩ ሦስት ጊዜ ነገረው፤ መካኒኩ ወርዶ አላየም' ብለሽ ጻፊ። እንዳልኩት ጻፊ።"

ፊሽካ እስኪርቢቶዋን መዝገቡ ላይ አሳረፈች። ጻፈች።

እሜቴ አሁንም እየሠራች ነው። ማንም ሊያጠፋት አልደፈረም። ጋሽ ጆሮ ጀሪካኑን አወረደ፣ እጁ እንደ እንጨት ደርቆ አልታጠፍ አለው። ከካባው ውጭ ወዳለችው አጭር ዳገት በጣቱ አመለከተ።

"እዚያ አቁማት። አፍንጫዋን ወደ ላይ። ቱቦዋን ወደ ታንኩ እመልስላታለሁ፤ ከዚያ አጥፋት።"

"አጥፋት? ጋሼ፣ ባትሪው እኮ አልቋል! እንደገና አትነሳም!"

"አውቃለሁ። አትነሳም። ከዚያ ሮንዴላውን አግለን እንለውጣለን፤ አንተ ታስራለህ፣ እኔ ቁልፍ አቀብላለሁ። መጀመሪያ ግን አጥፋት፣ ልስማት፣ ልጄ።"

ሙሽራው ስሙ ሲለወጥ ሰማ። ወስዶ አቆማት፣ አጠፋትም።

ጋሽ ጆሮ በዝናቡ ውስጥ ጭቃው ላይ ተንጋለለ። ካቻቢቴውን ትንሿ ፓምፕ መግቢያ ላይ ተከለ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደገፈ፣ እስትንፋሱን ዋጠ። ለረጅም ጊዜ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ በጣም ቀጭን ሆኖ፣ ሕፃን ባዶ ጡት ሲጠባ የሚያሰማውን የሚመስል ድምፅ መጣ።

"ትጠጣለች" አለ ከመኪናው ሥር። "ና፣ አንተም ስማት።"